የቤተ መጻሕፍት ፊድ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሲጽፍ እንዴት ይስተካከላል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ነው። አዲስ የገቡ መጻሕፍትን የምንከታተልበት የአንድ ቤተ መጻሕፍት አርኤስኤስ ፊድ (ድረ ገጹ አዲስ የጨመረውን የሚያሳውቅ ዝርዝር) የወጣበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል። ፊዱን የምናይበት ማንበቢያ መተግበሪያ የእኛን ዓመት እንደ ፈረንጅ ዓመት ስለሚቆጥረው ትናንት የገባውን መጽሐፍ ከዓመታት በፊት ከወጣው ጋር ታች ይቀብረዋል፤ የቆየ የሚሰርዝ ከሆነማ ጭራሽ አይታይም። ጳጉሜን ላይ ይብሳል፤ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ቀኑን መረዳት ያቅተዋል። የኤክስኤምኤሉ (ፊዱ የተጻፈበት ቅርጸት) አወቃቀር ግን ደህና ነው፣ የመጻሕፍቱ መለያም አይደጋገምም።

ድረ ገጹን መንካት አንችልም። በተጻፈው ቀን ሳይሆን በደረሰበት ቅደም ተከተል የሚደረድር ማንበቢያ ታውቃላችሁ? ወይስ ፊዱን መሃል ተቀብሎ ቀኑን የሚቀይር የፓይተን ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ይሻላል? 7 ዓመት መደመር ብቻ አይበቃም፤ ከጃንዋሪ 1 ወዲያ 8 ይሆናል፣ መስከረም 1ም አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ላይ ይውላል። የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ አካፍሉን።