የእህቴ ልጅ የራስ ጭርት፦ ስለ ክኒኑ የምታውቁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የእህቴ ልጅ ጭንቅላቷ ላይ ጭርት ወጥቶባት ፀጉሯ በክብ በክብ እየረገፈ ነው። ቅባት ገዝተን ቀባናት። ላይ ላዩን ያደርቀዋል፣ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን የጤና ባለሙያ ተርቢናፊን የሚባል ክኒን አዘዘላት። እህቴ ግን «ኢንዛይም ይዘጋል፣ ጉበት ይጎዳል» ሲባል ሰምታ አልሰጥም ብላለች። ልጅቷ ሻሽ ካላሰረች ትምህርት ቤት አልሄድም ትላለች፤ አንጀት ትበላለች።

እኔ የገባኝ ይህ ነው። ጭርቱን የሚያመጣው ፈንገስ ኬራቲኔዝ በሚባል ኢንዛይም ኬራቲንን፣ ማለትም ፀጉርና ቆዳ የተሠሩበትን ፕሮቲን፣ እየሰባበረ ይመገባል። ፀጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባት በደንብ አይደርስበትም። ተርቢናፊን የሚዘጋው ሌላ ኢንዛይም ነው፤ ስኳሊን ኢፖክሲዴዝ ይሉታል። እሱ ሲዘጋ ፈንገሱ ለሽፋኑ የሚያስፈልገውን ኤርጎስተሮል መሥራት ያቅተዋል፤ ኢንዛይሙ ይለውጠው የነበረው ስኳሊን የሚባል ንጥረ ነገርም ተጠራቅሞበት ይሞታል። ይኸው ኢንዛይም እኛም ውስጥ አለ፤ የሰውን ግን መድኃኒቱ እምብዛም አይነካውም። ይህን ሁሉ ነግሬያት የጉበቱን ጥያቄ መመለስ አቃተኝ።

የቆዳ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶች፣ እባካችሁ። ጤነኛ ልጅ ክኒኑን ከመጀመሯ በፊት የጉበት ምርመራ ያስፈልጋታል? ምን ምልክት ስናይ እናቁም? ግሪሲዮፉልቪን የሚባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ይሻላል የሚሉም አሉ። እሱ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ነው የሚወሰደው፤ እሷ ደግሞ ትጾማለች። የሽሮው ዘይት ይበቃል? ጎንደር ውስጥ የፀጉር ናሙና ወስዶ ፈንገሱን የሚለይ ላብራቶሪስ የት አለ? ታናሽ ወንድሟ አብሯት ነው የሚተኛው፤ እሱንም እንዳይዘው ፈርተናል።