የኖራው ዕቅድ፦ እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡ

ሰብሳቢ፦ የሁለቱን ወረዳዎቻችን አሲዳማ እርሻ በኖራ ለማከም የማኅበራችን ረቂቅ ይኸው። ከባንጃ 6፣ ከፋግታ ለኮማ 6 ማሳ አፈር ይመረመራል። ከዚያ በየወረዳው ግማሽ ሄክታር ኖራ ይበተንበትና ገብስ ይዘራል፤ አጠገቡ ያለ ኖራ የተዘራ ይኖራል፣ ገበሬው ራሱ ያወዳድር። ካዝና ያለው 180 ሺህ ብር ነው። የድልድዩን ነገር ማንም እንዳያነሳብኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ኖራው ስንት ኩንታል ነው? «እንደ ሁኔታው» በሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም። በድልድዩም እንዲሁ ነበር የተባለው።

የግብርናው፦ ምርመራው ሳይወጣ ኩንታል መቁረጥ ይከብዳል። ፒኤች የአሲድ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል፤ 4.5 የሆነ ማሳ 5.5 ከሆነው በ10 እጥፍ አሲድ ነው፣ እኩል ኖራ አይበቃቸውም። ለግምት በሄክታር 3 ቶን ያዝ፤ ለሁለቱ ወረዳ 30 ኩንታል።

ሲያትል፦ ዩሪያና ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ገዝተን ብንሰጥስ? ገበሬው የሚጠይቀን እሱን ነው።

የግብርናው፦ እሱን እየገዛ አይደል የከሰረው? ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳዋል፤ ሥሩ አጥሮ ይቀራል። ፎስፈረሱን ደግሞ ብረትና አሉሚኒየም አጥብቀው ይይዙታል። ማዳበሪያው መሬቱ ውስጥ ተቀምጦ ገብሱ ይራባል። ካልሲየሙን ዝናቡ ስንት ዘመን አጥቦ ወስዶታል፣ ኩበቱን እኛ አነደድነው።

የእንጅባራው መምህር፦ ኖራ ብቻውን አይበቃም። ደህና አፈር ግማሹ ቀዳዳ ነው፣ ውኃና አየር የሚይዝ። በቀረው ግማሽ ውስጥ ከጠቅላላው አፈር 45 በመቶው ማዕድን፣ 5 በመቶ ያህሉ ብስባሽ ነው፤ ያቺ 5 ናት አፈሩን አያይዛ ውኃና ምግብ የምታስቀምጠው። የእኛ ማሳ ያጣው እሷን ነው። አገሩ ሁሉ ፈረስ ነው፣ ፍጉ መንገድ ላይ ይቀራል። የኮምፖስቱን ጉድጓድ እኔ አስቆፍራለሁ።

ፋግታ ነኝ፦ ቆይ። ራስጌው ላይ «የባንጃና የፋግታ ለኮማ» ይላል። ታፔላውም እንዲህ ሊጻፍ ነው?

ሰብሳቢ፦ በፊደል ተራ ነው።

ፋግታ ነኝ፦ በማን ፊደል?

ኮሶበር፣ የባንጃው፦ በሀሁም ሂድ በአበገደ፣ በ ከፈ ይቀድማል።

ፋግታ ነኝ፦ እንግዲያው «ለኮማ» ብለን እንጻፈው። ለ ከበ ይቀድማል።

ኮሶበር፦ በአበገደ አይቀድምም። ደግሞ ፋግታን ቆርጠህ ጥለህ ነው የምትቀድመው?

ፋግታ ነኝ፦ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ተክሎ የሞተ መሬት ያስነሳ ማን ሆነና ነው ሁለተኛ የሚጻፈው? እናንተ ከእኛ አይታችሁ አይደል የተከላችሁት?

የግብርናው፦ ዲከረንስ ናይትሮጅን ከአየር ይስባል እንጂ አሲዱን አያነሳም። ከሰሉ ገንዘብ አመጣ፣ ሌላ ነገር ነው። ወደ ኖራው እንመለስ።

ፋግታ ነኝ፦ ባለሙያ ነኝ ብለህ አትሳደብ። መዋጮዬ ይመለስልኝ።

ሲያትል፦ እኔም የላክሁት ለታፔላ አልነበረም።

ገንዘብ ያዥ፦ የሚመለስ ገንዘብ የለም፣ ደንቡ ላይ አለ። ያልከፈላችሁም ጮኻችኋል፣ ስም አልጠራም።

ጋሼ፦ እናንተ ልጆች፣ በክብ ጻፉት። ክብ መጀመሪያ የለውም።

ፋግታ ነኝ፦ ለጋሼ ስል ትቻለሁ። ግን ከላይ የሚውለው የማን ነው?

ኮሶበር፦ ሁለት ታፔላ ይሠራ፣ በየወረዳው የራሱ ይቅደም።

ሰብሳቢ፦ ተስማማን። ናሙና የሚያወጣው ልጅ የት ገባ? ከየማሳው ከአሥር ቦታ፣ እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ቆፍሮ ማደባለቅ ነበረበት። መምህር፣ ጉድጓዱስ?

ሰብሳቢ፦ መምህር?

ኮሶበር፦ ታፔላው ለጥር 23፣ ለአገው ፈረሰኞች በዓል ይድረስ። ፈረሰኛው ሁሉ እንጅባራ ይወጣል፣ ያኔ ካልታየን መቼ ልንታይ ነው?

የግብርናው፦ በጥር ማሳው ላይ ምን ሊታይ? ኖራ ከዘር አንድ ወር ቀድሞ ገብቶ ከአፈሩ ጋር ይታረሳል። ገብሱ የሚዘራው ክረምቱ ሲቃረብ ነው።

ኮሶበር፦ ማሳውን ማን አለህ? እኛን ይዩን።

ሲያትል፦ ለበዓሉ ከሆነ ፈረሶቹን ማልበሻ እኔ እችላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስሙኝ። ሁለት ታፔላ ከነብረቱና ከነተከላው 80 ሺህ፣ ፈረሶቹ ላይ የሚደረገው ጨርቅ ሲያትል ከቻለው ነው፣ ምሳ 45 ሺህ። የቀረው 55 ሺህ ኖራውንም ማጓጓዣውንም ምርመራውንም አይችልም። ከሦስቱ የቱ ይውጣ?

ፋግታ ነኝ፦ ምርመራው። አፈራችን ቀይ መሆኑን እናውቃለን።

የግብርናው፦ ሳይመረመር ስንት ኩንታል ልትበትን ነው?

ሰብሳቢ፦ «እንደ ሁኔታው» ብዬ እጽፈዋለሁ። የታፔላ ብረት ዋጋ የጠየቀ አለ?