ቪጄይ ሬከርድስ ቢትልስን ይዞ እንዴት ከሰረ?

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቪቪያን ካርተርና ባለቤቷ ጄምስ ብራከን በ1953 እ.ኤ.አ. በኢንዲያና ግዛት በጌሪ ከተማ አቋቁመው በስማቸው መነሻ ፊደላት የሰየሙት ሸክላ አሳታሚ ድርጅት ቪጄይ፣ የአሜሪካውን የዘፈን ቡድን ፎር ሲዝንስንም የእንግሊዙን ቢትልስንም አሳትሟል። በ1966 ግን ከሰረ። ገበያ ያጣ ድርጅት ቢወድቅ አይገርመኝም፤ ይህ ግን ገበያው ደርቶለት ሳለ ነው የወደቀው። ምክንያቱን የሚያስረዳኝ አለ?

የድሮ ነጋዴ፦
የጣለው ራሱ የገበያው መድራት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ሸክላ የሚያትመው ፋብሪካ ሒሳቡን ቶሎ ይጠይቃል፤ አከፋፋዩ ደግሞ በዱቤ ወስዶ ከወራት በኋላ ይከፍላል፣ ያልተሸጠለትንም መልሶ ያራግፋል። ስለዚህ ዘፈኑ በተወደደ ቁጥር ገንዘቡ ሳይገባ ዕዳው ይቆለላል። በ1962 የፎር ሲዝንስ «ሼሪ» አምስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ሲቆይ ቪጄይ የገባው በዚህ አጣብቂኝ ውስጥ ነበር፤ ቡድኑም በሮያሊቲ (ከሽያጩ ለዘፋኙ በሚታሰበው ድርሻ) ክፍያ ተጣልቶ በ1964 መጀመሪያ ወደ ሌላ አሳታሚ፣ ወደ ፊሊፕስ፣ ተሻገረ።

ቢ ገጽ፦
የቢትልስ ነገር የባሰ ነው። በእንግሊዝ ያሳተማቸው የኢኤምአይ ድርጅት ንብረት የሆነው የአሜሪካው ሸክላ አሳታሚ ካፒቶል አልፈልጋቸውም ስላለ ነው ዕድሉ ቪጄይ ዘንድ የደረሰው። በ1963 መጀመሪያ የወጣው ነጠላ ሸክላ ብዙም አልተሸጠም፤ በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይማ የቡድኑ ስም አንድ «ቲ» ተጨምሮበት በስሕተት ታትሟል (ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚሻሙት ያንኑ ስሕተት ነው)። በዚያው ዓመት ሮያሊቲ ባለመከፈሉ ውሉ ተሰረዘ። ቪጄይ ግን ቢትልስ አሜሪካ ከመግባታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ 1964፣ በእጁ የነበሩትን ቅጂዎች በአልበም አወጣ። ካፒቶል ከሰሰ፣ ፍርድ ቤት አገደ፣ እገዳው ተነሣ፣ እንደገና ታገደ፤ በመጨረሻ ተስማምተው እስከ ኦክቶበር 15 ቀን 1964 ብቻ እንዲሸጥ ተፈቀደለት። በጥቂት ወራት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ሸክላ ሸጦ የቀን ገደብ የተጣለበት ድርጅት ሌላ አላውቅም።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ሌላው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ፣ ሞታውን የሚባለው ድርጅት፣ በዚያው ዘመን፣ በዚያው የዱቤ ንግድ እንዴት ተረፈ?

የድሮ ነጋዴ፦
ተወዳጅ ዘፈን በላይ በላዩ ያወጣ ነበር። አከፋፋዩ የሚቀጥለውን ሸክላ ለማግኘት ሲል ያለፈውን ዕዳ ለመክፈል ይገደዳል። የሚገርመው ደግሞ የቪጄይ ፕሬዚዳንት የነበረው ኢዋርት አብነር በ1973 የሞታውን ፕሬዚዳንት መሆኑ ነው።