ጀጎል ያደገች እናቴን ይዤ ሉካ ልሂድ ወይስ ፍሎረንስ?

የሸዋ በር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጣሊያን፣ ፒሳ ያለችው የእህቴ ልጅ እኔንና እናቴን ጠርታናለች። ትኬት ተቆርጧል። አብራን የምትዞረው ግን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ሌላው ቀን ሥራ ነው። እሷ ፍሎረንስ ትላለች። እኔ ሉካ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ናት ሲሉ ሰምቼ ልቤ ወደዚያ ነው። እናቴ ደግሞ "ግንብ ለማየት ባሕር ልሻገር?" ትለኛለች። ተወልዳ ያደገችው ጀጎል፣ ጉልበቷ ደግሞ ዳገት አይወድም። ያያችሁ ምን ትላላችሁ?

ከዚራ፦
ወሪያ፣ ፍሎረንስ በቅዳሜ? ሰልፉ ራሱ ይጨርሳችኋል። የካቴድራሉ ጉልላት ላይ ለመውጣት 463 ደረጃ ነው፣ ሊፍት የለውም። እማማን አታሰቃያቸው።

መኪና ግርግር፦
ሉካ ውስጥ አንዲት አሮጊት እየተንከባከብኩ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ከሰዓት ከሰዓት በዊልቸር እየገፋሁ ግንቡ ላይ አወጣቸው ነበር። አዎ፣ ላዩ ላይ! አናቱ ሰፊ መንገድ ነው፣ ዛፍ የተተከለበት፣ ሰው በእግሩም በሳይክልም የሚዞርበት። ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ከምናምን ነው፤ ከጀጎል ብዙም አይበልጥም። ውስጡም ሜዳ ነው፣ እንደኛ ሰፈር ቁልቁለት የለበትም። የድንጋዩ ንጣፍ ብቻ ዊልቸሩን ያንገጫግጨዋል።

ከፒሳ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የወረቀት ትኬት ከያዛችሁ ሳትሳፈሩ ጣቢያው ያለው ማሽን ላይ አስመቱት። እኔ ረስቼ የተቀጣሁት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አምፊቲያትሮ የሚባለውን አደባባይ እንዳታልፉት። ሞላላ ነው። ድሮ ሮማውያን ትርኢት የሚያዩበት ነበር፤ በኋላ ሰው በፍርስራሹ ላይ ቤቱን ሠራ፣ ቅርጹ ግን እንዳለ ቀረ። አናቱ ላይ ዛፍ የበቀለበት የጉዊኒጂን ማማ ከታች ሆናችሁ እዩት፤ ደረጃው ከ200 በላይ ነው። ቡና ቆመህ ስትጠጣ ይረክሳል። ለእማማ ግን ወንበር ያዝላቸው፣ እዚህ ላይ አትሰስት። ቡቸላቶ የሚሉት ዘቢብ ያለበት ዳቦ አለ፣ ሆጃ እየጠጡ ለመብላት ነበር የሚሆነው።

ግንቡን የሠሩት ለጦርነት ነው። በፈረንጆቹ 1812 ሴርኪዮ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ግን በሮቹን ግጥም አድርገው ዘግተው ከተማዋን ከጎርፍ አዳኗት። ይሄን ንገራቸው፣ ግንቡን ያከብሩታል።

ከዚራ፦
እኔ ራሴ ልሄድ ነው አቦ።

የሸዋ በር ልጅ፦
ሄደን መጣን፣ መኪና ግርግር እግዜር ይስጥሽ። ትኬቱን ሁለቴ አስመታሁት። እናቴ ግንቡ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዛ አልነሳም አለች። የጎርፉን ታሪክ ነገርኳት፣ ዝም ብላ ሰማችኝ። ቆይታ "ጅቡ በየት በኩል ነው የሚገባው?" አለችኝ። እዚህ ጅብ የለም አልኳት። "ታዲያ ሌሊት ቆሻሻውን ማን ያነሳላቸዋል?"