ወደ ግልገል አባይ ለሚወጣው ዓሣ፦ ለወንዝ ዳር ልማት ገንዘብ ከየት ይገኛል?

ጠያቂ (ሰሜን አቸፈር)፦ ሰላም ለቤቱ። በግልገል አባይ ዳር ያለን የወጣቶችና የዓሣ አስጋሪዎች ቡድን ነን። በክረምት ከጣና ለመራባት የሚወጣው ነጭ ዓሣ እያነሰ ነው። ዳሩ እስከ አፋፉ ይታረሳል፣ አሸዋና ጠጠር በገልባጭ ይጫናል፣ ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ውኃው ውስጥ የሚጨምርም አለ። 1 ኪሎ ሜትር ማልማት አስበናል፤ ደለል እንዲያስቀር ወንዙ ላይ ሦስት የጋቢዮን (በሽቦ ቅርጫት የታጨቀ ድንጋይ) ክትርም በዕቅዱ አለ። ማን ይረዳል?

ሰነድ አዋቂ፦ ለእናንተ መጠን የሚስማማው በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሠራው የጂኢኤፍ (የዓለም አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ) አነስተኛ ስጦታ ፕሮግራም ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው ጣሪያ 50 ሺህ ዶላር ነበር፤ የአሁኑን የዙሩን የማመልከቻ ጥሪ አይታችሁ አረጋግጡ። ለግለሰብ ሳይሆን ለማኅበር ስለሚሰጥ መጀመሪያ ሕጋዊ ሰውነት ይኑራችሁ። በአዋጅ 1113/2011 የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መሆን ይቻላል፤ ለአስጋሪዎች ግን በወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በኩል መደራጀት ይቀላል። ጊዜው ካጠረ የተመዘገበ ድርጅት አጋር አድርጉ፤ ገንዘቡን ማን ይይዛል፣ ግዢውን ማን ይፈርማል የሚለውን ግን በጽሑፍ ጨርሱ።

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው የማኅበረሰቡ ድርሻ ባዶ ሲሆን ነው። የጉልበት ሥራ በአካባቢው የቀን ዋጋ ተባዝቶ ይገባል፤ ስም፣ ቀንና ፊርማ ያለው መዝገብ ከሌለ ግን ማንም አይቆጥርላችሁም።

ዓሣና ውኃ፦ ሦስቱን ክትር ከዕቅዱ አውጡ! ጋቢዮን ቦታው ቦረቦር ነው። ዋናው ወንዝ ላይ ከተጋደመ ሽቅብ የሚወጣውን ዓሣ ያግደዋል፤ ለዓሣ የተጠየቀ ገንዘብ ዓሣውን ዘጋው ማለት ነው። የግድ ከሆነ ከክትሩ በታች የድንጋይ መወጣጫ ይሠራ፤ ለ1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 20 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ላቤዮባርበስ የሚባለው ይህ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ንጹሕ ውኃ በሚፏፏበት ጠጠር ላይ ነው። ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ አየር ያጣል። ጠጠሩ ከተነሣ ደግሞ ችግኙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ጠጠር እንዳይነሣ ከጫኚዎቹ ማኅበርና ከቀበሌው ጋር ቃለ ጉባኤ ያዙና ከማመልከቻው ጋር አያይዙ። ይህ ወረቀት ከአሥር ገጽ ማብራሪያ ይበልጣል።

በሁለት ዓመት ዓሣው በእጥፍ ይጨምራል ብላችሁም አትጻፉ፤ ለመራባት የሚደርሰው ዓመታት ቆይቶ ነው። የጸደቀ ችግኝ፣ እርሻ የለቀቀ ሄክታር፣ ያልተነካ የጠጠር ቦታ ይሻላል። የዓሣ ቆጠራውን ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቁ።

ችግኝ ጣቢያ፦ በግራና በቀኝ 10 ሜትር ከለቀቃችሁ 1 ኪሎ ሜትሩ 2 ሄክታር ነው። በ2 ሜትር ርቀት 5,000 ችግኝ፣ ለመተኪያ 1,000 ጨምሩ። ከውኃው አጠገብ አኻያ በቁራጭ፣ ከፍ ብሎ ዋንዛና ሾላ፣ አፋፉ ላይ ቬቲቨር የሚባለው አፈር ያዥ ሣር። ባሕር ዛፍ አይታሰብ። የችግኝ መደቡ በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚጀመር ነሐሴ ላይ የደረሰ ገንዘብ የዚያን ክረምት አልፎታል፤ ከዓመት በፊት አመልክቱ። የጥበቃ ወጪ ሳይያዝ ከቀረ ሁሉንም በበጋ ከብት ይበላዋል።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። በመራቢያው ወቅት መረብ ለሚያነሡ አስጋሪዎችና መሬት ለሚለቁ ገበሬዎች ካሳ በበጀቱ መያዝ ይቻላል?

ሰነድ አዋቂ፦ በጥሬ ገንዘብ ባትይዙት ይሻላል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ መረቡ ይመለሳል። አስጋሪዎቹን የችግኝ ጣቢያና የጥበቃ ቅጥረኛ አድርጋችሁ በደመወዝ ያዙ፤ ብርብራ የሚጨምረውንም ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ለገበሬው የቬቲቨሩንና የዳሩን ሣር አጭዶ የመውሰድ መብት በስሙ ጻፉለት፤ መኖ በሚጠፋበት በሚያዝያ ዋጋ አለው።