የእናቴን ቆሽት ያስቆጣው የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ይሆን?

እባካችሁ፣ የምታውቁ ንገሩኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። አቶርቫስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት በጀመረች በሦስተኛው ወር፣ ከጣና ዳር ስንመለስ ከእምብርቷ በላይ ሆዷን ይዛ መንገድ ላይ ተቀመጠች፤ ሕመሙ ወደ ጀርባዋ ዘልቆ ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። ላይፔዟ (በደም የሚለካው የቆሽት ኢንዛይም) ከመደበኛው ጣሪያ ከ3 እጥፍ በላይ ስለነበር ድንገተኛ የቆሽት ብግነት ነው ተባለ። በአልትራሳውንድ የሐሞት ጠጠር አልታየም፤ ትራይግሊሰራይዷ (የደም ስቧ) 180 ብቻ ነው፤ ጠላ እንኳ አትቀምስም። መድኃኒቱ ቆሞ፣ ተኝታ ታክማ ተሻላት።

ስታቲን (የእሷ መድኃኒት የሚመደብበት ዓይነት) ቆሽት የሚያስቆጣው እጅግ አልፎ አልፎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለልብ ያለውን ጥቅምም አልክድም። አሁን ግን አንዱ ሐኪም መልሳ ትጀምር፣ ሌላው ኢዜቲማይብ በተባለ ሌላ የኮሌስትሮል መድኃኒት ይተካ ይላሉ። እሷ ክኒኑን ስታይ ትፈራለች፤ እኔም ለመስጠት እጄ አልታዘዝ አለኝ። በዚህ ያለፈ አለ? መልሶ የጀመረስ? የደም ካልሲየም መብዛትም ቆሽት ያስቆጣል፤ የእሷ ግን አልተለካም፤ ላስለካው?