አርኬድ ስቲኬ ሰያፍ አቅጣጫ ይዘላል፤ ሌቨሩን ልቀይር ወይስ ይጠገናል?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ጀመዓ። ደሴ ሆጤ አካባቢ ነኝ። እዚህ «ጆይስቲክ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው በሁለት እጅ የሚያዘውን የፕሌይስቴሽኑን ነው፤ እኔ የምጠይቀው ግን ስለ ሰፊው ሳጥን ነው፣ በግራ በኩል እንደ መኪና ማርሽ የሚነቃነቅ ዱላ፣ በቀኝ 8 ትልልቅ ክብ በተን ያለው። ወንድሜ ከጅዳ ሲመጣ ያገለገለ ገዝቶ አመጣልኝ። ላፕቶፕ ላይ ቴከን 7 እጫወትበታለሁ።

ፒያሳ ፕሌይስቴሽን ቤት ቴከን 3 እየተጫወትን ነው ያደግነው፣ አውራ ጣቴ እስኪላጥ ድረስ። ስለዚህ ይህ ነገር እጄ ሲገባ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ችግሩ ወደ ታችና ወደ ፊት ያለው ሰያፍ አንዳንዴ አይወጣም። የካዙያን (የቴከን ተዋጊ ነው) «ኤሌክትሪክ» የሚባለውን ቡጢ ለመምታት ወደ ፊት፣ መልቀቅ፣ ታች፣ ከዚያ ሰያፉን ከቀኝ ቡጢ ጋር በአንድ ፍሬም ማግኘት አለብህ። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ነው የሚሄደው፣ አንዱ ፍሬም 17 ሚሊ ሰከንድ እንኳን አይሞላም። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የእጄ ይሁን የእቃው መለየት አቃተኝ። ሌላው፣ ዱላው ስለቀው ወደ መሃል የሚመለሰው እየተጎተተ ነው።

ሳንዋ የሚባለውን ኩባንያ ሌቨር (ዱላው ከነማሽኑ) ላስመጣ አስቤ ነበር፤ ዋጋው ላይ ማጓጓዣና ቀረጥ ሲጨመርበት ግን ከበደኝ። ሳልገዛ በፊት ምን ምን ልፈትሽ? ደግሞስ ባለ 8 ማዕዘኑን ጌት ማድረግ ይሻላል የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው?

ቦርከና ማዶ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ገና ምንም አትግዛ። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የምሠራው ከሊሚት ስዊች ጋር ነው። ያንተ ሌቨርም ውስጡ ያው ነው፦ 4 ማይክሮስዊች (ሲጫን ቀጭ የሚል ትንሽ ማብሪያ)፣ ለላይ፣ ለታች፣ ለግራ፣ ለቀኝ። ሰያፍ የሚባል ስዊች የለም። ሰያፍ ማለት ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ላይ ሲጫኑ ነው። ስለዚህ ታች-ፊት ከጎደለ ከሁለቱ አንዱ እየሰነፈ ነው ማለት ነው፣ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው ያንተ ሥራ።

መጀመሪያ ሳትፈታው ፈትሽ። ዊንዶውስ ላይ የጌም ኮንትሮለር መፈተሻውን ክፈትና ዱላውን ማዕዘኑ ላይ ይዘህ ቆይ። በደንብ ተይዞ ምልክቱ ብልጭ ድርግም ካለ ጥፋቱ የእቃው ነው፣ እጅህን አትውቀስ። ምልክቱ ሳይጠፋ ከቆየ ደግሞ የጨዋታው ልምምድ ሞድ ግባና የተጫንከውን የሚያሳየውን አብራ፤ 20 ጊዜ ሞክረህ ስንቱ እንደወጣ፣ ያልወጣው የትኛው አቅጣጫ እንደጎደለው በወረቀት ጻፍ። ይህን የምልህ «ይመስለኛል» ብለው ሌቨር ቀይረው ያው ችግር የቀጠለባቸው ሰዎች ስላየሁ ነው።

ከዚያ የታችኛውን ክዳን ፍታ። ላፕቶፑ ላይ ሳይሰካ ቴስተርህን ድምፅ የሚሰጠው ላይ አድርገህ የእያንዳንዱን ስዊች ሁለት እግር ንካ፣ ዱላውን ቀስ ብለህ ግፋ። ስዊቹ ቀጭ ሲል ቴስተሩም እኩል መጮህ አለበት። ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ወይም ከተቆራረጠ ስዊቹ ሞቷል፤ ሌቨሩን በሙሉ መጣል ሳያስፈልግ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። በትክክል ከጮኸ ግን ወደ ሽቦው ሂድ።

የሽቦውን ተርሚናል ስትነቅል ሽቦውን ይዘህ እንዳትጎትት፣ ብረቱን በፒንሳ ይዘህ ንቀል።

ሸሻ በር፦
ኮምቦልቻ ነኝ እኔም። ስለ ጌቱ ልመልስ። ጌት ማለት ከሌቨሩ ሥር ያለችው ዱላውን የምታግደው ፕላስቲክ ናት። ጄኤልኤፍ የሚባለው የሳንዋ ሌቨር ሲመጣ ጌቱ አራት ማዕዘን ነው፤ ሰያፉ ጥጉ ላይ ስለሆነ ዱላው ጥግ ሲገባ በእጅህ ይታወቅሃል። ባለ 8 ማዕዘኑ ለሁሉም አቅጣጫ ጎድጎድ ያለ ማረፊያ ይሰጥሃል፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ ግን የሰያፉ ጉዞ ያጥራል። እኔ ሁለቱንም ተጠቅሜያለሁ። ለቴከን አራት ማዕዘኑን ነው የምመርጠው፣ ዱላውን ግን ከግድግዳው ጋር እያጋጩ መጫወት ልክ አይደለም። ስዊቹ የሚጫነው ዱላው ጌቱን ሳይነካ በፊት ነው። ቀጭ ሲል ተመለስ። ኮሪያዎቹማ ቴከንን የሚጫወቱበት ሌቨር በሞላ ፋንታ ጎማ ያለው ነው፣ ወደ መሃል ሲመለስ ፈጣን ስለሆነ። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ ካሰብክ ከጌቱ ይልቅ ያልከው የመመለስ ችግር ነው የሚያሳስበኝ።

ሌላ ነገር፣ የተጫንከውን ወደ ላፕቶፑ የሚልከውን ቦርድም እየው። ርካሽ ሳጥኖች ውስጥ የሚገባው «ዜሮ ዲሌይ» የሚባለው ቦርድ ስሙ እንደዚያ ይሁን እንጂ ከጥሩ ቦርድ ጋር ሲወዳደር ይዘገያል። እኔ በራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ፣ ፕሮግራም በሚጫንባት ትንሽ ቦርድ፣ ነው የቀየርኩት፤ ለእሷ ጂፒ2040-ሲኢ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፒኮዋ ላይ ያለችውን በተን ተጭነህ ዩኤስቢ ትሰካለህ፣ እንደ ፍላሽ ትከፈታለች፣ ፋይሉን ትገለብጣለህ፣ አለቀ። ፒሲ ላይ ምንም ችግር የለውም። ፒኤስ4 ላይ ግን ፈቃድ ያለው ቁልፍ ካልጨመርክለት 8 ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይቋረጣል፣ ይህን ሳታውቅ ፕሌይስቴሽን ቤት ይዘህ እንዳትሄድ።

ቧንቧ ውሃ፦
ስለ ሳጥኑ ማንም ስላላነሳ እኔ ልጨምር። ሌቨሩ ጥሩ ሆኖ ሳጥኑ ከተንሸራተተብህ ያው ነው፣ ዱላውን ስትገፋ ሳጥኑ አብሮ ይሄዳል፣ እጅህም ግማሹን ኃይል እዚያ ይጨርሳል። የኔ ቀላል ፕላስቲክ ነበር። ከውስጥ ባዶው ቦታ ላይ በልኩ የተቆረጠ ላሜራ አስገባሁ፣ ሽቦና ቦርድ እንዳይነካ በወፍራም ካርቶን ለይቼ። ከሥር ደግሞ የድሮ ካላማዳሪያ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍኩ። ለካላማዳሪያው ምንም አልከፈልኩም፣ ጎማ ቤት ለምኜ ነው የወሰድኩት። አሁን ጭኔ ላይ ሳደርገው ንቅንቅ አይልም። ወጪው ትንሽ ነው፣ ለውጡ ግን ከሁሉም በላይ የተሰማኝ እሱ ነው።

ጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ መብራት ሲመጣ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ቦርከና ማዶ እንዳልከው ነው። መጀመሪያ ከ20 ኤሌክትሪክ 4 ብቻ ነበር የወጣው፣ ካልወጣው 11ዱ ላይ የጎደለው «ታች» ነበር። ቴስተሩን ስነካው አራቱም ስዊች በትክክል ጮኹ። ግራ ገባኝ። ከዚያ የታቹን ስዊች ሽቦ በጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ተርሚናሉ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ተወዛወዘ። አፉ ተከፍቷል፤ እግሩን አልያዘውም፣ ተደግፎ ብቻ ነበር የቆመው። ነቅዬ አፉን በፒንሳ በትንሹ ጠበቅ አደረግኩና መለስኩት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ከ20ው 9 ወጣ። የቀረው በአብዛኛው ፊትን ለቅቄ መሃል ሳይደርስ ታች ስለሚገባ ነው፣ ያ ደግሞ ያልኳችሁ የመጎተቱ ነገር ነው።

ሽቦዎቹ ለየስዊቹ የተለያዩ ናቸው፣ 8 ሽቦ። ጄኤልኤፍ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ባለ 5 ፒን ሶኬቱን የምሰካበት አልነበረኝም ማለት ነው። እህቴ፣ ካላማዳሪያውን ነገ እጠይቃለሁ። ለመጎተቱ ግራሶ ባደርግለትስ?

ቦርከና ማዶ፦
እንኳን ደስ አለህ! የመኪና ግራሶ አታድርግ፣ ወፍራም ነው፣ ጭራሽ ይጎትተዋል፣ አንዳንዱም ፕላስቲክ ይበላል። መጀመሪያ የድሮውን ቅባት በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፤ ደርቆ ጥቁር ማስቲካ የመሰለ ነገር ታገኛለህ፣ ብዙ ጊዜ የሚጎትተው እሱ ነው። ከዚያ ለፕላስቲክ የሚሆን የሲሊኮን ግራሶ ኳስ መሰሏ መዟዟሪያ ላይ የስንዴ ፍሬ ታህል ቀባ። ስዊቾቹን እንዳይነካ። ያ ካልበቃው ሞላው ደክሟል፤ ጠንከር ያለ ሞላ ለብቻው ይሸጣል፣ ዋጋውም ከሌቨር ጋር አይገናኝም። ከማዘዝህ በፊት የድሮውን ቁመትና ስፋት ለክተህ ጻፍ።

ሞላውን ለማውጣት መጀመሪያ ከላይ በእጅህ የምትይዛትን ኳስ ትፈታለህ፦ ከሥር የዘንጉ ጫፍ ላይ መስመር አለ፣ እሱን በካቻቪቴ ይዘህ ኳሷን በእጅህ አዙር። ከዚያ ከሥር በኩል ትንሽዬ ብረት ክሊፕ ታያለህ። ከክሊፗ ቀጥሎ ያለውን ፕላስቲክ ወደ ሞላው ጫን ብለህ ክሊፗን በቀጭን ካቻቪቴ ግፋት፣ በሌላ ጣትህ ግን ሸፍናት፣ ሞላው ከሥር እየገፋት ስለሆነ ተወርውራ ትሄዳለች። ነጭ አንሶላ ላይ ሆነህ ሥራው፣ መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት ደግሞ አትጀምር።